ወደ ፈረስ ግልቢያ ስትመለሺ፦ ኮርቻ ስለሚያመጣው ሕመምና ቁስል

ፈረስ ጋልባ የመጣች ሴት «ወገቤን» ትላለች። «ጉልበቴን» ትላለች። ብሽሽቷ ተልጦ፣ ሽንት በሸናች ቁጥር እንደ ሚጥሚጣ እያቃጠላት እንደሆነ ግን ለቅርብ ጓደኛዋም አትናገርም። ፈረስ የሚያከራዩት ወንዶች ናቸው። የሚያሠለጥኑትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። በዚያ ላይ ስለዚያ ቦታ ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ የማውቃቸው ሴቶች ወደውት የጀመሩትን ግልቢያ በዚህ ሕመም የተነሳ ትተውታል፤ ሲጠየቁ ግን «ጊዜ አጣሁ» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ያየሁትንም የተማርኩትንም ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

ያደግኩት አዊ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። እዚያ ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ያደርሳል። ጥር 23 ሲደርስ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ለበዓሉ አጊጠው የሚወጡት በብዛት ወንዶች ናቸው። እኛ ሴት ልጆች ደግሞ ፈረሱን ውሃ ልናጠጣ ስንወርድ ያለ ኮርቻ እንወጣ ነበር። ከዚያ ትምህርት መጣ፣ አዲስ አበባ መጣ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ወሊድ። ልጆቼ ከፍ ከፍ ሲሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ እየወጣሁ እንደገና መጋለብ ጀመርኩ። ልቤ ሁሉንም ያስታውሳል። ጭኔና ዳሌዬ ግን አያስታውሱም።

ከሁሉ በፊት የሚያምሽን ነገር ለዪው። «ኮርቻ ጎዳኝ» ስንል የተለያዩ ሕመሞችን አንድ ላይ ጠቅልለን ነው የምንናገረው፤ መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም።

በጣም የተለመደው የጡንቻው ነው። በዋለሽበት ቀን ምንም የለም። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ ጭንሽ ከውስጥ በኩል ተሳስሯል፤ ደረጃ መውረድ ፈተና ነው፤ ታክሲ ውስጥ ለመግባት እግርሽን በእጅሽ ልታነሺ ትደርሻለሽ። ፈረስ ላይ የሚሠሩት የጭን ውስጠኛ ጡንቻዎች በከተማ ኑሮ ብዙም ሥራ ስለሌላቸው ነው። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው ቀን ውስጥ ይጠነክራል፤ ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ለዚህ የሚበጀው ቀስ ብሎ መራመድ፣ ሞቅ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ሳያስገድዱ መሳሳብ ነው። አክስቴ በስልክ «ልጄ፣ ለጋ ቅቤ አሺበት» ብላኛለች። ቆዳሽ እስካልተላጠ ድረስ በቅቤ መታሸት እኔም እወደዋለሁ። የተላጠ ቆዳ ላይ ግን ቅቤ አይደረግም። ሕመሙ ከመጠን አልፎ ሽንትሽ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሂጂ። ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው የአጥንቱ ሕመም ነው። ቂጥሽ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች ጠንካራ ነገር ላይ ቁጭ ስትዪ ይቆረቁሩሻል፤ ላያቸው ላይ ያለው ሥጋ በልዞ ይሆናል። የነዚህ ሁለት አጥንቶች ሕመም ብዙም አያስፈራም፤ ሰውነት ሲለምድ ይቀንሳል። የሚያሳስበው ከፊት ያለው፣ ከብልት በላይ ያለው አጥንት ሲያምሽ ነው። ያ አጥንት ክብደት እንዲሸከም አልተፈጠረም። እዚያ ላይ እያረፍሽ ከሆነ ወይ አቀማመጥሽ ወይ ኮርቻው ልክ አይደለም ማለት ነው። አካባቢው ከደነዘዘሽ ወዲያው ውረጂ፤ ነርቭ እየተጫነ ነው። ከወረድሽም በኋላ ድንዛዜው ካልለቀቀሽ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛው የቆዳው ነው። መላላጥ፣ መቅላት፣ ውሃ መቋጠር። በብሽሽት፣ በብልት ከንፈር፣ በቂጥና በጭን መጋጠሚያ ላይ ይወጣል። የጡንቻ ሕመም በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ያልፋል። የተላጠ ቆዳ ግን እልህ አያውቅም፤ በቁስል ላይ ስትጋልቢ ቁስሉ ይሰፋል፣ ይመረቅዛል። «ይለመዳል» የሚለው ምክር ብዙ ሴቶችን የጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ተልጦ ከሆነ እስኪሸፍን ድረስ ግልቢያ የለም።

አቀማመጥን ለማወቅ ፈረስ አያስፈልግሽም። ቤት ውስጥ ያለ ዱካ ወይም በርጩማ ይበቃል። እግርሽን ከፈት አድርገሽ ተቀመጪና ሁለቱን መዳፎችሽን ወደ ላይ ገልብጠሽ ከቂጥሽ ሥር አስገቢ። ሁለት ጠንካራ አጥንቶች መዳፍሽን ሲጫኑት ይሰማሻል። አሁን ወገብሽን ወደ ውስጥ ሰርጉደሽ ደረትሽን ወደ ፊት ግፊው። አጥንቶቹ ከመዳፍሽ ይሸሹና ክብደትሽ ወደ ፊት፣ ወደ ብልትሽ ይሄዳል። ደግሞ ጎበጥ በዪ፤ አሁን ክብደቱ ወደ ጭራ አጥንትሽ ዞረ። በሁለቱ መሃል፣ መዳፍሽ በጣም በሚጫንበት ቦታ ላይ ቁሚ። ኮርቻ ላይ መቀመጥ ያለብሽ እንደዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ የምንመለስ ሴቶች ፈረሱ ሲፈጥን ስለምንፈራ ወደ ፊት እናጎነብሳለን፤ ወይም «ቀጥ በይ» ሲሉን ወገባችንን አብዝተን እንሰረጉዳለን። ሁለቱም ከፊት ባለው፣ ከብልት በላይ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፉናል። እኔ ይህን የዱካ ነገር ቡና እያፈላሁም እሞክረዋለሁ።

ወደ ኮርቻው እንምጣ። የሴት ዳሌ ከወንድ ይለያል፤ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች በአብዛኛው ሰፋ ብለው ነው የሚቀመጡት፣ የፊተኛው አጥንት ቅስትም ሰፊ ነው። ስለዚህ ወንዱን የተመቸው ኮርቻ አንቺን ላይመችሽ ይችላል። ይህን ለአከራዩ መንገር መቀናጣት አይደለም። የሀገራችን ኮርቻ ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ የሚለበጥ፣ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሰውን ደግፎ ይይዛል፤ ለዚያ የሚተካከለው የለም። ግን መቀመጫው ጠባብና ደረቅ ሲሆን የፊቱ ከፍታ ይመታሻል። በፈረንጅ ኮርቻ የሚሠለጥን ሰው ደግሞ መጠን መጠየቅ አለበት። መቀመጫው ከፊት በጎን ካለችው ክብ ሚስማር እስከ ኋለኛው ጠርዝ መሃል በኢንች ይለካል፤ ለአዋቂ ሴት ብዙ ጊዜ 16 ተኩል፣ 17 ወይም 17 ተኩል ነው። ተቀምጠሽ ከኋላሽ አራት ጣት የሚያህል ቦታ ከተረፈ ጥሩ ነው። ጠቦሽ ከሆነ ወደ ፊት ይገፋሻል። ከሰፋሽም ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ቆዳሽን ይፍቀዋል።

ኮርቻ መቀየር ካልተቻለ አጎዛ። በደንብ የተፋቀ፣ ጸጉሩ ያልተያያዘ የበግ አጎዛ ኮርቻው ላይ ሲደረግ ግፊቱን ያረግባል፣ ላብ ይመጥጣል፣ መፋተጉን ይቀንሳል። ለእኔ እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ የበለጠው ይሄ ነው። ከፊትና ከኋላ በጠፍር መታሰር አለበት። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጥፎ መቀመጥን ግን አልመክርም፤ ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡ ራሱ ይልጥሻል።

እርካብ ብዙዎች የማያዩት ነገር ነው። ሲረዝም በጣቶችሽ እየፈለግሽው ወደ ታች ትንጠራሪያለሽ፣ ክብደትሽም ብሽሽትሽ ላይ ይወድቃል። ሲያጥር ጉልበትሽ ይታመማል፣ ቂጥሽም ወደ ኋላ ይገፋል። ሱሉልታ ላይ ፈረስ የሚይዝልኝ ልጅ አንድ ቀን «እትዬ፣ እግርዎ ሩቅ ነው ያለው፣ ላሳጥርልዎት?» አለኝ። አውርዶ ለካልኝ። ጣቶቼን እርካቡ የሚንጠለጠልበት ላይ አስደረገኝና እርካቡን በክንዴ ሥር ወደ ብብቴ ሳበው። ብብትሽ ጋ ከደረሰ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በአንድ ቀዳዳ ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ታስተካክያለሽ። የዚያን ቀን ልዩነቱን ወዲያው አወቅሁት።

ሶምሶማ ላይ ደግሞ ብድግ ቁጭ ማለትን ተለማመጂ። የሶምሶማ ምቱ ሁለት ነው፤ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሩ አብረው፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። በአንዱ ምት ብድግ፣ በሌላው ቁጭ። ዳሌሽን ወደ እጆችሽ አቅጣጫ ገፋ አድርገሽ ተነሺ፣ ስትመለሺ በቀስታ እረፊ። እንዲህ ስትዪ ኮርቻውን የምትነኪው በግማሽ ይቀንሳል። ለፈረሱም ጀርባ እረፍት ነው።

ልብስ ላይ ረጅም ጊዜ ብቆይ አይፈረድብኝ፤ ብዙው ቁስል የሚመጣው ከዚህ ነውና። ጂንስ አትልበሺ። አራቱ ስፌት የሚገናኙበት ወፍራም ቋጠሮ የሚያርፈው በትክክል ልታስቀምጪው በማይገባ ቦታ ላይ ነው። የግልቢያ ሱሪ ካገኘሽ መልካም ነው። ካላገኘሽ ጭኑ መሃል ስፌት የሌለው ወይም ስፌቱ ጠፍጣፋ የሆነ ወፈር ያለ ታይት ይሠራል። ከስፖርት ዕቃ ሱቆች ብስክሌተኞች የሚለብሱትን ስፖንጅ ያለው ቁምጣም ታገኛለሽ። ስፖንጁ ስስ ይሁን፤ ወፍራሙ ፈረስ ላይ ይጠቀለላል። እሱን ስትለብሺ ከሥር ፓንት አይለበስም፤ የፓንቱ ስፌት ስፖንጁ ሥር ሆኖ ነው የሚያቆስለው።

ፓንት ካደረግሽ ጭን ድረስ የሚወርድ፣ ቁምጣ መሰሉን ምረጪ፤ ጠርዙ ብሽሽትሽ ላይ አያርፍም። ሌላ ከሌለሽ ያለሽን ገልብጠሽ ልበሺው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሆናል። ገመድ መሳዩን ለሌላ ቀን ተዪው። ጥጥ ይሻላል ሲባል እንሰማለን። ለቤትና ለመኝታ እውነት ነው። ግልቢያ ላይ ግን ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ስለዚህ ለግልቢያ ላብ የሚያደርቀውን የስፖርት ጨርቅ እመርጣለሁ። ከወረድሽ በኋላ ማኪያቶ ሳትጠጪ፣ ሳትቀመጪ፣ መጀመሪያ ልብስሽን ቀይሪ። ልብሱ ሲታጠብም ኦሞው በደንብ ይውጣለት። በክረምት የረጠበ ኮርቻ ላይ አትውጪ። ጸጉር የምትላጪ ከሆነ ደግሞ ከግልቢያው ቀደም ብሎ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት አይሁን።

ከመውጣትሽ በፊት ብሽሽትሽንና የጭንሽን ውስጥ ቫዝሊን ሳሳ አድርገሽ ተቀቢ። ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ያድናል።

ከቆሰልሽ በኋላ ምን ይደረጋል? እኔን የረዳችኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት። ሰልፉ መሃል «የሚላላጥ ነገር… ጭኔ ላይ» ብዬ ስንተባተብ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «እህቴ፣ ጭንሽ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በላይ?» አለችኝ በዝግታ።

«ከዚያ በላይም ነው» አልኳት።

«ቆዳው ተከፍቷል? መግል አለው? ትኩሳትስ?»

እንዲህ በቀጥታ ስትጠይቀኝ ሐፍረቱ ለቀቀኝ። ለሕፃናት የዳይፐር ሽፍታ የሚቀባውን ዚንክ ያለበት ቅባት ሰጠችኝ፤ ለብሽሽትና ለጭን፣ ለውጭው ቆዳ ብቻ። ለብልት ከንፈር ተራ ቫዝሊን በቂ ነው አለች። መታጠቢያው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ዲቶል፣ አልኮል፣ ሎሚ አይነካውም። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ እንጂ ማሸት የለም። ማታ ያለ ፓንት በሰፊ የጥጥ ቀሚስ መተኛት። ሽንት ስትሸኚ የሚያቃጥልሽ ከሆነ እየሸናሽ ለብ ያለ ውሃ አፍስሺበት፤ ሽንቱ ይቀጥናል፣ ማቃጠሉም ወዲያው ይረግባል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪው። ያበጠ ከሆነ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት፤ ባዶውን በረዶ ቆዳ ላይ አታድርጊ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጨጓራ ያለብን ሰዎች አይቡፕሮፌን ስንወስድ መጠንቀቅ አለብን። ከጎረቤት የምንዋሰውን፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ክሬም ደግሞ የተላጠ ቦታ ላይ በፍጹም።

ማቃጠሉ ከውስጥ ከሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ሽንት ካለሽ፣ ያ የኮርቻ ቁስል ላይሆን ይችላል። የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል። መግል፣ ትኩሳት፣ ነክተሽው የሚሞቅ እባጭ፣ ደም ያለው ሽንት፣ እነዚህም ቤት ውስጥ የሚታከሙ አይደሉም።

የወር አበባ ላይ ሆኖ መጋለብ ይቻላል። ችግሩ ሞዴሱ ነው፤ ክንፉና ጠርዙ ላብ ይዞ ይፍቃል። ስስ የሆነውን አድርጊ፤ ከመውጣትሽ በፊትና እንደወረድሽ ቀይሪው። በጣም በሚበዛበት ቀን እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።

የወለድሽ ከሆነ ስፌቱ ከውጭ ስለዳነ ከውስጥም ድኗል አይባልም። ከወሊድ በኋላ 6ኛው ሳምንት ላይ የሚደረገው ምርመራ ሳያልቅ ፈረስ አይታሰብ፤ በኦፕሬሽን ለወለደች ከዚያም ይበልጥ ሊዘገይ ይችላል፤ ሐኪምሽን በግልጽ «ፈረስ ልጋልብ ነው» ብለሽ ጠይቂ። ሶምሶማ ላይ ሽንት ጠብ የሚልባችሁ እናቶች አላችሁ፤ ብዙ ነን። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን እየጨበጡ እየለቀቁ በየቀኑ ማሠራት ይረዳል፤ እርጥበቱ ሲቀንስ መላላጡም ይቀንሳል። ማረጥ ላይ የደረሱ ሴቶች ቆዳው ስለሚሳሳና ስለሚደርቅ ቶሎ ይላጣሉ። ለዚህ የማህፀን ሐኪም የሚያዘው ሕክምና አለ፤ ዕድሜ ነው ብለው ዝም አይበሉ።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል። ጠባሳ እንደ ሌላው ቆዳ አይለጠጥም። ስለዚህ ከእኛ መሃል ብዙዎቻችን ኮርቻ ላይ ቀድመን ልንታመም እንችላለን፤ ይህም ድክመት አይደለም። ጠባሳው ላይ የሚሰነጠቅ ወይም የሚወጋ ሕመም ካለሽ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄደሽ ተናገሪ። አጎዛውና ቫዝሊኑ ለአንቺ ከማንም በላይ ያስፈልጉሻል።

ስለ ፈረሱም ልበል። ከመከራየትሽ በፊት ኮርቻውን አስነሺና ጀርባውን እዪ። ገጣባ ከሆነ አትውጪበት። ገንዘብሽን ይዘሽ ወደ ሌላው ሂጂ፤ ለምን እንደሆነም ለባለቤቱ በአክብሮት ንገሪው። ፈረሱን ያቆሰለ ኮርቻ አንቺንም ሚዛንሽን አስቶ ያቆስልሻል። ፈረሱም ሕመሙን ሽሽት እየተጣመመ ሲሄድ አንቺ ኮርቻው ላይ ስትፋተጊ ትውያለሽ።

መቼ ትመለሺ? ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሲነኩት የማያም ከሆነ፣ ዱካው ላይ ተቀምጠሽ ወዲያ ወዲህ ስትዪ ካልቆረቆረሽ፣ ደረጃ ስትወርጂ ጭንሽ ካልያዘሽ ውጪ። የመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ እሱም በእርምጃ ብቻ። በወር አንዴ ሙሉ ቀን ከመዋል በሳምንት ሁለቴ አጠር አጠር ማድረግ ሰውነትን በደንብ ያለማምዳል። ሰጋር በቅሎ ካገኘሽ ደግሞ በእሷ ጀምሪ፤ ስግሪያዋ አያንገጫግጭም፤ እናቶቻችን ለሩቅ መንገድ የሚመርጧት ለዚህ ነው። ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ግልቢያ። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልዳነ ሐኪም ይየው። ድኖም በወጣሽ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ቅባት አትግዢ፤ ሌላ ኮርቻ ጠይቂ።